ዴክ የበላው

ከአስቂኝ ፊልም ሁሉ የቱን ትወዳለህ ብትሉኝ፣
ስሙን አላውቀውም፤ እሱንስ አትጠይቁኝ።
ካራ ቆሬ ነው ያየሁት፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣
ቆርቆሮ በቆርቆሮ ቤት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያነባ፣
ኢተፋ ቪዲዮ ቤት። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፤
የታቀፉት ልጅ ከሆነ ግን፣ ለእሱ ማንም አይከፍልም።
በሩ ላይ በከሰል የተጻፈው ሕግ አንድ ነው፦
«ጫማ ማውለቅ ክልክል!» ምክንያቱን ያሸተተ ነው የሚያውቀው።

ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ ምንውየለት ነበር፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ በሸንበቆ እየጠቆመ ሲናገር።
ሰውዬው ቀጭን ነው። ቁም ሳጥን ተሸክሟል በጀርባው፤
ከኋላ አማቱ አለች፣ በጃንጥላ ጫፍ የምትነዳው።
ዝንብ መጣች።
አፍንጫው ላይ ተቀመጠች።
እጆቹ ተይዘዋል። በከንፈሩ ጥግ እፍ አላት፤
እሷ እጇን ትታጠባለች፣ ለሠርግ እንደጠሯት።
እፍ አለ፣ አንድ እግር ሄደ። እፍ አለ፣ ደገመ።
ከፊቱ ጉድጓድ አለ። አንዱ እግሩ አየር ላይ ቆመ።

እና ልክ እዚያ ላይ፣
ጭረት፣ በረዶ፣ የጉንዳን መንጋ በመስታወቱ ላይ።
ዴኩ በልቶታል ካሴቱን፣ ድሮ፣ እኛ ሳንመጣ።
ምስሉ ሲመለስ ሰውዬው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣
የሳጥኑ በር አንገቱ ላይ ገብቷል፣
ባርኔጣውን ያራግፋል፣
ለምታልፍ ሴት ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ» ይላል።

መሃል ያለውን መውደቅ ማንም ሰው አላየው፤
ምንውየለት ነበር በየቀኑ አዲስ የሚያዋልደው።
ሰኞ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራስ ላይ ወደቀ፤
ረቡዕ፣ በጉድጓዱ ሄዶ ሄዶ ቃሊቲ ላይ ዘለቀ፤
ቅዳሜ፣ ሰው ሲሞላ፣ አማቱንም ይዟት ገባ፣
ሦስት ቀን ታረቁ እታች፤ ቤቱ በሣቅ አነባ።

ቱፋ ብቻ አይስቅም። ኩሊ ነው፤ ሶፋ፣ አልጋ፣ ሬሳ ሳጥን፣
በጀርባው ያላለፈ የለም፣ የሰፈሩን ዕቃ ሁሉን።
«ወገብ ዝቅ! ገመዱን በግንባር! ኧረ ይሄ ሰው አያያዝ አያውቅም!»
ይጮሃል ወደ መስታወቱ፤ ሰውዬው ግን አይሰማም።
እኛም በቱፋ ነበር የምንስቀው፣ በፊልሙ አይደለም።

አንድ ክረምት፣ ሁላችን ስቀን ስናበቃ፣
ባርኔጣው ጋ ሲደርስ፣ ቱፋን ብቻውን ያዘው፣ ሣቅ እንደ ሲቃ።
እንባውን በገመዱ ጫፍ ጠርጎ እንዲህ አለ፦
«እኔም ስወድቅ ጉልበቴን አላይም።
ቀድሜ ዙሪያዬን ነው የማይ፤ ያየኝ ሰው አለ?»

አሁን ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤
የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ ፊልሙን በስልኩ አገኘልኝ፣
ሙሉውን፣ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጭረት ሳይታወቅ።
ዝንቧ መጣች። እግሩ አየር ላይ። ትንፋሼን ያዝኩ።
ወደቀ።
በቃ፣ ወደቀ። ጉድጓዱ እስከ ወገቡ ነው። ሳቅኩ? አልሳቅኩ።
ልጁ ስቆ ስቆ «ድገመው» አለኝ። እኔ የፈለግሁት
ሊቀ መንበሩን ነበር፣ ቃሊቲን፣
ቱፋን ደግሞ፣ የት እንደገባ ያላወቅሁት።

ማክሰኞ ቁም ሳጥን ገዛሁ። ሊፍት የለም፤ ቦታው ብቻ አለ፣
ባዶ፣ ጥቁር፣ አፉን እንደከፈተ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ሲጠብ፣
ወገብ ዝቅ ማለቱን ረሳሁት፤
ተንሸራተትኩ፤ አንድ ደረጃ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሳጥኑ ላዬ ላይ።
ጉልበቴ ይደማል። አላየሁትም።
ቀና ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ።
ጎረቤቴ አስካለች በሯ ላይ ቆማለች፣ ቢጫ ጄሪካን በእጇ።
የሌለኝን ባርኔጣ አራገፍኩና፣
«እንደምን ዋሉ» አልኳት።

ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠችው፣
ለመሳቅ።